ሁለት ዓይነት ዜሮ፦ የገጠር ጤና ጣቢያን የበሽታ ቅኝት ስንገመግም
(ለቅኝት ገምጋሚዎች ሥልጠና መክፈቻ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በሚቀጥሉት ሳምንታት የግምገማ ቅጽ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ትወጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ እናንተ በዚያው እንዳትሳሳቱ።

ከዓመታት በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ለግምገማ ሄድኩ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። የቅኝት፣ ማለትም በሽታን የመከታተልና የማሳወቅ ሥራ፣ ተጠሪ የሆነችው ሲስተር የሳምንቱን ሪፖርት ገና ረፋዱ ላይ ሞልታ ልካለች። ማህደሩን አወጣችልኝ። የዓመቱ ሳምንቶች በተራ ተሰድረዋል፤ የጎደለ የለም፣ የዘገየ የለም። እያንዳንዱ ወረቀት ፊርማና ማኅተም አለበት። ኩፍኝ ዜሮ፣ ኮሌራ ዜሮ፣ ድንገተኛ የእጅና እግር መስነፍ (መዛል) ዜሮ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ዜሮ። በቅጼ ላይ «ምሉዕነት» እና «ወቅታዊነት» በሚሉት ረድፎች ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ፤ ሲስተሯን አመስግኜ ወጣሁ።

መኪናው እስኪመጣ በር ላይ ካሉት የጥበቃ ሠራተኛ ጎን ተቀመጥኩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «አባቴ፣ አገሩ ሰላም ነው?» አልኳቸው። ለወግ ያህል ነበር፣ ሌላ አላሰብኩም። «ሰላም ነው ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከወንዙ ማዶ ያሉት ናቸው እንጂ ያዘኑት። ኩፍኝ ገብቶባቸው ልጆች ቀብረዋል። እኔም ከትናንት በስቲያ ለቀብር ወርጄ ነበር» አሉ።

ተመልሼ ገባሁና የተመላላሽ ሕክምናውን መዝገብ ጠየቅኩ። ከሲስተሯ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ገጹን ወደ ኋላ ገለጥን። ሦስት ሳምንት ሳንሄድ ከዚያ መንደር የመጡ ሕጻናት አገኘን። አንዱ ላይ «ትኩሳትና ሽፍታ፣ አለርጂ» ተብሏል። ሌላዋ ላይ «ሳልና ትኩሳት፣ የሳንባ ምች» ተጽፏል፤ የዓይኗ መቅላት በዚያው መስመር ላይ አለ። ሦስተኛው ሌላ ተረኛ ያየው ነው፤ ሽፍታ ብቻ ይላል። እያንዳንዱን ሕጻን የተለያየ ባለሙያ፣ በተለያየ ቀን አይቶታል። ሦስቱን በአንድ ላይ ያየ ሰው ግን የለም። ሲስተሯ ጣቷን ከገጹ ሳታነሳ «እኔ እኮ ማንም አልነገረኝም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ነበር ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜሮ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ «ፈልገን አጣን» የሚለው ዜሮ ነው። ሌላው «አልፈለግንም» የሚለው ነው። ወረቀት ላይ አይለያዩም፤ ሁለቱም በጊዜ ይደርሳሉ፣ ሁለቱም ምሉዕ ናቸው። የገምጋሚ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሁሉ ለዚህ መንገድ ጠራጊ ነው።

ዜሮን ሪፖርት ማድረግ በራሱ ብልህ ሐሳብ እንደሆነ መካድ አልፈልግም። በሽታ ባልታየበት ሳምንትም «ዜሮ» ተጽፎ ይላክ የተባለው ዝምታን ከሰላም ለመለየት ነው። ያልላከ ጤና ጣቢያ ሰላም ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያው ፈቃድ ወጥቶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ዜሮ የላከ ግን «አይተናል፣ የለም» ማለቱ ነው። ችግሩ ሰው ይለምዳል። ሃምሳ ሳምንት ዜሮ የጻፈ እጅ ሃምሳ አንደኛውን ሳምንት መዝገብ ሳይገልጥ ይጽፈዋል። ይህን ስል ሲስተሯን ወይም ሌላውን ባለሙያ መውቀሴ አይደለም። ጧት ክትባት፣ ረፋድ ሕሙማን፣ ከሰዓት የወር ሪፖርት፣ ማታ ተረኛ የሆነች ሴት ላይ ቅኝት የሚባል ሌላ ሥራ ደርበንባታል። የላይኛው ቢሮም የሚጠይቃት «ላክሽ ወይ?» ብሎ ነው። «ከምን አገኘሽው?» ብሎ የጠየቃት የለም። የምትጠየቀውን ነው የምታሟላው።

የቅድመ ማስጠንቀቂያ ቅኝት ከተራ የጤና መረጃ የሚለየው በዓላማው ነው። የወር ሪፖርት ለዕቅድና ለበጀት ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት ቢዘገይም ዋጋው ብዙ አይቀንስም። ቅኝት ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትን ለመሥራት የተቋቋመ ነው፤ ቅጠሉ ከእሳቱ በኋላ ቢደርስ ጥቅም የለውም። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብም ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተሻሽሎ ከጁን 15 ቀን 2007 ጀምሮ የጸናው ደንብ የመጀመሪያውን ኃላፊነት የጣለው ከታች፣ በማኅበረሰቡና በመጀመሪያው የጤና አገልግሎት ደረጃ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታና ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ የሆነን ሕመምና ሞት ማወቅ። «ከሚጠበቀው በላይ» የሚለውን ልብ በሉት። የሚጠበቀውን የማያውቅ ከሚጠበቀው በላይ የሆነውን አያይም።

እንግዲህ ዜሮ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥሩ መላ ያበጁት የፖሊዮ ሰዎች ናቸው። የሕጻን እግር ድንገት የሚሰንፈው በፖሊዮ ብቻ አይደለም፤ ጊላን ባሬ የሚባለውን የነርቭ ሕመም ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶች አሉ። ስለዚህ ፖሊዮ ጨርሶ በሌለበት አገር እንኳ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ሕጻናት መካከል በዓመት ቢያንስ 1 እንዲህ ያለ ሕጻን መገኘት አለበት። ይህንን ያላገኘ አካባቢ «ፖሊዮ የለብኝም» ቢል አይታመንም፤ ገና ዓይኑን አልገለጠም። ከተገኙትም ቢያንስ ከመቶ 80ው፣ ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት የተወሰደ ሁለት የሰገራ ናሙና ሊኖራቸው ይገባል። ኩፍኝም ተመሳሳይ መለኪያ አለው፦ ተጠርጥረው፣ ተመርምረው፣ ኩፍኝም ሆነ ኩፍኝን የሚመስለው ሩቤላ አይደሉም የተባሉት በዓመት ከ100,000 ሰው ቢያንስ 2 መሆን አለባቸው። የአሠራሩን ውበት እዩልኝ። ቅኝቱ ጤነኛ መሆኑ የሚለካው በሽታው ሆነው ባልተገኙት ሰዎች ብዛት ነው።

ነገር ግን ይህን መለኪያ ይዛችሁ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ እንዳትፈርዱ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጤና ጣቢያው 25,000 ሕዝብ ያገለግላል እንበል፤ ከዚያ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ያሉት ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ከ100,000 አንድ ከሆነ፣ ይህ ጤና ጣቢያ አንድ እግሩ የሰነፈ ሕጻን የሚጠብቀው በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዓመቱ ዜሮ ምንም አይነግራችሁም። ለዞንና ከዚያ በላይ ለሆነ ስፋት የተሠራን መለኪያ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አውርዶ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ብሎ መጻፍ በተደጋጋሚ ያየሁት በደል ነው።

ታዲያ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ምን ይደረግ? እኔ የማደርገው ይህ ነው። የቅኝት ተጠሪውን ትቼ በዕለቱ ሕሙማን የምታየውን ተረኛ ነርስ እጠይቃለሁ፦ «አሁን በዚህ በር እግሩ ከትናንት ጀምሮ የሰነፈ የሦስት ዓመት ሕጻን ታቅፋ እናት ብትገባ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሱን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ እግሬን ወደ ዕቃ ክፍሉ አነሳለሁ። የናሙና ዕቃው የት ነው? የበረዶ ከረጢቱ ቀዝቅዟል ወይስ ሙቅ መደርደሪያ ላይ ነው? የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ አለ? ሲደወልበትስ ይነሳል? አንድ ቦታ ነርሷ ሁሉንም በቃሏ አሳምራ መለሰችልኝ፤ የናሙና ዕቃው ግን ከተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፣ ቁልፉ የያዘው ሰው ደግሞ ከተማ ሄዷል። እውቀቱ ቢኖርም ቁልፉ ከሌለ ናሙናው የለም። ይህን ቅጽ ላይ የምትጽፉበት ሣጥን ላታገኙ ትችላላችሁ። ኅዳጉ ላይ ጻፉት።

መዝገብና ሪፖርት ማመሳከርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለ ዘዴው ብዙ አልናገርም። አንድ በሽታ ይመረጣል፣ ከመዝገቡ ይቆጠራል፣ ከሪፖርቱ ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ የምትቆጥሩባቸውን ሳምንታት ጤና ጣቢያው አይምረጥላችሁ፣ እናንተም ቀላሉን አትምረጡ። ዝናብ ካቆመ በኋላ ወባ የሚበዛበትን ሳምንት፣ በዓል የዋለበትን ሳምንት፣ ተጠሪዋ ፈቃድ የወጣችበትን ሳምንት ውሰዱ። ሥርዓቱ የሚታወቀው ሲከብደው ነው። ሁለተኛ፣ አንድ መዝገብ አይበቃም። የላቦራቶሪው የወባ ቁጥር፣ የተመላላሹ ቁጥርና ወደ ላይ የተላከው ቁጥር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሆነው አግኝቻለሁ። ሦስቱንም በቅንነት ነው የጻፏቸው። ላቦራቶሪው የሳምንቱን ቁጥር የዘጋው ዓርብ ነው፣ ተመላላሹ እሑድ ማታ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ደግሞ ሌላ ክፍል በሌላ መዝገብ ይታያሉ፣ ያንን መዝገብ ሪፖርት የሚሞላው ሰው አያየውም። በብዙ ቦታ ሕጻናት ከቁጥሩ የሚጎድሉት በዚያ በማይታየው መዝገብ ውስጥ ቀርተው ነው።

መዝገቡ ራሱ ግን የሚያውቀው የመጡትን ብቻ ነው። የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ወንዝ ተሻግራ ጤና ጣቢያ የማትመጣ እናት ልጅ በየትኛውም መዝገብ የለም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ጤና ጣቢያም ስለ ራሱ ቀበሌ ከሁሉ በኋላ የሚሰማበት ጊዜ አለ። መምህሩ በክፍሉ ስንት ወንበር ባዶ እንደሆነ ያውቃል። መቃብር የሚቆፍሩት ሰዎች ያውቃሉ። የመንደር መድኃኒት ሻጩ ሰሞኑን ምን እንደተሸጠለት ያውቃል። ለዚህ ነው ከሪፖርት ቅጹ ጎን የጭምጭምታ መዝገብ እንዲኖር የሚመከረው፤ ማን ምን እንደሰማ፣ መቼ እንደተጣራ፣ ምን ሆኖ እንደተገኘ የሚጻፍበት ደብተር። ጤና ጣቢያ ስትገቡ ይህን ደብተር ጠይቁ። ንጹሕና ባዶ ከሆነ የሰላም ምልክት ነው ብላችሁ አትለፉት። ወሬ የሌለበት አገር አይቼ አላውቅም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፈንጣጣ ከዓለም የጠፋው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ፎጊ በምሥራቅ ናይጄሪያ ፈንጣጣ ሲገጥመው ለሁሉም የሚበቃ ክትባት አልነበረውም። በራዲዮ የሚገናኙ ሚሲዮናውያንን «በየመንደሩ ሰው ላኩና በሽታው የት እንዳለ ጠይቁልኝ» አላቸው፤ ያለውን ጥቂት ክትባት በሽታው በተገኘባቸው መንደሮች ዙሪያ አዋለው፣ ሠራለትም። በኋላ በ1970ዎቹ ሕንድ ውስጥ የፈንጣጣ ታማሚ ፎቶ ያለበት ካርድ የያዙ ፈላጊዎች ቤት ለቤት ዞሩ። ለእናንተ ለገምጋሚዎች የምነግራችሁ ግን ከዚያ በኋላ የተደረገውን ነው። ፈላጊዎቹ ካለፉ በኋላ ሌሎች ሰዎች የተወሰኑ መንደሮችን መርጠው ተመልሰው ሄዱ፤ ነዋሪውን «ካርድ የያዘ ሰው መጥቶ ጠይቋችኋል?» ብለው ጠየቁ። የፈላጊውን ሪፖርት በማየት አልረኩም። የተፈለገውን ቤት ጠየቁ። በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በኦክቶበር 1977 ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በሜይ 1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። እኛ ዛሬ ታብሌት ይዘን የምንሠራው ግምገማ ያንን አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

አሁን ስለ ቀናት እንነጋገር፤ በእኔ እምነት ገምጋሚ ከሁሉ በላይ ሊደክምበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ሪፖርቱ ሰኞ በሰዓቱ ደረሰ» ማለት የወረቀቱ ወቅታዊነት ነው። የበሽታው ወቅታዊነት ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ሰው ከታመመበት ቀን አንስቶ ጤና ጣቢያው «ይህ ነገር ልክ አይደለም» እስካለበት ቀን ስንት ቀን አለፈ? ከዚያስ ለበላይ እስኪነገር? ከዚያስ የመጀመሪያው ምላሽ ተሟልቶ እስኪሰጥ? እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው 7-1-7 የሚባለው ግብ እነዚህን ሦስት ርቀቶች በቁጥር አስሯቸዋል፦ በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማሟላት። ባለፈው ዓመት የተከሰተ አንድ ወረርሽኝ ውሰዱና ቀኖቹን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ በአንድ መስመር ላይ ደርድሯቸው። ከሃምሳ ጥያቄ ቅጽ የበለጠ ይነግራችኋል።

መስመሩ የት ላይ እንደሚረዝም ስታዩ ልትደነግጡ ትችላላችሁ። የጊኒን ኢቦላ እናስታውስ። በኋላ ተጣርቶ እንደታወቀው በጌኬዱ አውራጃ፣ ሜሊያንዱ በምትባል መንደር የመጀመሪያው ሕጻን የታመመው በዲሴምበር 2013 ነው። የመንደሯ ጤና ኬላ ኃላፊ ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 ለአውራጃው የጤና ባለሥልጣናት አሳወቀ፤ አምስት ሰዎች በብርቱ ተቅማጥ ታመው በፍጥነት ሞተዋል ብሎ። ሰዎች ተላኩ፣ አዩ፣ በናሙናው ላይ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ታየና «ኮሌራ ሳይሆን አይቀርም» ተባለ። ቫይረሱ በላቦራቶሪ የተለየው ከማርች 20 በኋላ ነው። ጤና ኬላው ለማወቅ አራት ሳምንት ያህል ወሰደበት፤ ያ ረጅም ነው። ኬላው ከተናገረ በኋላ ግን በላይ በኩል ስምንት ሳምንት አለፈ። በሦስቱ አገሮች፣ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን፣ ወረርሽኙ እስኪቆም ከ28,600 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,300 በላይ ሞተዋል። ያን የጤና ኬላ ኃላፊ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በግምገማ ቅጻችን ብንለካው «አሳውቋል» ብለን ምልክት አድርገን እናልፈዋለን። ከተናገረ በኋላ ምን ሆነ የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም ብለን ይሆናል። የእኛ ጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያው የላከውን ማስጠንቀቂያ ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የወረዳውን ቢሮ፣ የዞኑን ቢሮ በዚያው ቅጽ ጠይቁ።

በግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው ሠንጠረዥ በአጭሩ። ወባ በሚበዛበት ጤና ጣቢያ ያለፉት አምስት ዓመታት መነሻ ተደርጎ የተሠመረ መስመር ይኖራል፤ የዘንድሮው ቁጥር በየሳምንቱ በእጅ እየተሠመረ ከዚያ መስመር ካለፈ ማንቂያ ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ግን ተጀምሮ የቆመ መስመር ነው። የቆመበትን ሳምንት ጻፉ፤ ለምን እንደቆመ ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ ቀላል ነው፣ ሠንጠረዡን የሚሞላው ሰው ተዛውሯል። የማጅራት ገትር ማንቂያ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ (በሽታው በሚበዛበት ክልል) ላሉ አገሮች ያወጣው መመሪያ የሕዝቡ ቁጥር ከ30,000 በታች ሲሆን ከ100,000 ሰው ስንት ታመመ የሚለውን ስሌት ይተወዋል፤ በሳምንት 2 ተጠርጣሪ ከታየ ማንቂያ፣ 5 ከታየ ወረርሽኝ ነው። ኮሌራ ሊገባበት በሚችል አካባቢ ወረርሽኝ ለማለት አንድ የተረጋገጠ ታማሚ ይበቃል። ተረኛዋ ነርስ እነዚህን ቁጥሮች ታውቃለች ወይ? ኮምፒውተሩ ቢያውቃቸው አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ያለው ወረዳ ነው፣ ታማሚው ያለው እሷ ዘንድ ነው።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1988 አውጥቶ በ2001 ያሻሻለው የግምገማ መመሪያ ዘጠኝ ባሕርያትን ይዘረዝራል፤ ቀላልነት፣ ተለዋዋጭነት፣ የመረጃ ጥራት፣ ተቀባይነት፣ እያለ ይሄዳል። በሥልጠናው ታዩታላችሁና አልዘረዝረውም። ከመካከላቸው ሁለቱ ስለሚጣሉ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አንዱ፣ ያለውን በሽታ ምን ያህሉን ይይዛል የሚል ነው። ሌላው፣ ካነሳቸው ማንቂያዎች ስንቱ እውነት ሆነው ተገኙ የሚል ነው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ገምጋሚዎች ሁለተኛውን እናከብራለን፤ የሐሰት ማንቂያ ያስከፋናል፣ መኪና ተነስቶ፣ ነዳጅ ተቃጥሎ «አለርጂ ነው» ተብሎ ሲመለስ እናዝናለን። ለገጠር ጤና ጣቢያ ይህ ሚዛን የተገላቢጦሽ መሆን አለበት እላለሁ። ከዓመት ዓመት አንድም ጊዜ ያልተሳሳተ ጤና ጣቢያ ሳይ ልቤ ይሠጋል። ምናልባት የሚናገረው እርግጠኛ ሲሆን ብቻ ነው፤ እርግጠኛ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ አለ። ወረርሽኝ ያሳወቀ ጤና ጣቢያ በማግስቱ የሚመጣለት እርዳታ ሳይሆን ወቀሳ ነው፦ ክትባቱ የት ሄደ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለምን አልተቆፈረም፣ ለምን በእናንተ ብቻ? ዝም ያለው ጎረቤቱ ግን በዓመቱ መጨረሻ ይመሰገናል። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ዜሮ መጻፍ ቢወድድ ምን ይገርማል? እናንተ ስትሄዱ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ማንቂያ አነሳችሁ?» ይሁን። ያነሳውን አመስግኑ፣ ማንቂያው እውነት ሆኖ ባይገኝም አመስግኑ። ሁለተኛ ጥያቄያችሁ «ለላካችሁት ምን መልስ መጣላችሁ?» ይሁን። ሲስተሯን ይህን ስጠይቃት ሳቀችና «እኔ እልካለሁ እንጂ የመጣልኝ ነገር የለም» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሰኞው ስትልክ የኖረች ሴት ናት። መልስ የማያገኝ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት።

የቀሩት ነገሮች ቶሎ ይነገራሉ። ተጠሪዋ ስትታመም የሚተካት ሰው ስሙ ተጽፎ ይኑር። ስልኩ የግሏ ከሆነ የአየር ሰዓቱን ማን እንደሚሸፍን ይጠየቅ። የበሽታ መለያ መስፈርቱ በምትሠራበት ቋንቋ፣ ከምትቀመጥበት ወንበር ሆና በምታየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በመሳቢያ ውስጥ ያለ መመሪያ ለማንም አይደርስም። ስትጨርሱም ያገኛችሁትን እዚያው፣ ሳትሄዱ፣ ለመላው ሠራተኛ ንገሩ፤ ጽዳቷንም ጥበቃውንም ጥሩ።

ያን ዕለት ማዶው መንደር ከሲስተሯና ከጥበቃው ጋር ወረድን። የታመሙ ልጆች አገኘን፣ የደም ናሙና ተወሰደ፣ ከሳምንት በኋላ ክትባት ተሰጠ። የሞቱትን አልመለስንም። ቅጼ ላይ የሰጠሁትን ሙሉ ነጥብ ሰረዝኩና ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ ምን መጻፍ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ከወራት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሲስተሯ የሪፖርቱን ቅጂ አወጣችልኝ። ቅጹ ያው ነው፣ ዜሮዎቹም ያው ናቸው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዜሮ አጠገብ በራሷ ብዕር የጻፈችው አንዲት መስመር አለች። «ሁለቱም መዝገብ ታይቷል፣ የለም።» «መምህሩ ተጠይቋል፣ የለም።» በአንዱ ሳምንት ላይ ግን ዜሮ አልነበረም። ቦታውን ክፍት ትታ ከጎኑ «ማዶ አልተጠየቀም፣ ወንዙ ሞልቷል» ብላ ጽፋለች። መቼ እንደሆነ ቀኑን አየሁት፤ ያ ሳምንት የተጻፈው እኔ በሄድኩበት በዚያው ዕለት ጧት ነበር። ጥበቃው ማዶ ያለ የወንድማቸው ልጅ ስልክ እንዳለው ነገሩን፤ እዚያው ሆነን ደወልን።